እናቴ ቆላ የወረደችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። አሁን የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፤ ጉልበቴ ቆላን ከተወ ቆየ። በሩን አልፋ ስታቅፈኝ ከአንገቷ አንድ ሽታ መጣብኝና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ድልካ ነው። የሱዳን ሴቶች ዱቄት ከሰንደልና ከቅርንፉድ ጋር ለውሰው ገላቸውን የሚያሹበት ነገር ነው፤ ጓደኛዋ ከመተማ አምጥታላታለች። "ለቆዳ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው፣ እማማ" አለች፣ እንዳልቆጣት ፈርታ። ምን ብዬ ልቆጣት፣ ምስኪን። አማቷ ዝንጅብል አትጠጪ ብለዋታል፣ እናቷ ደግሞ ጠጪ ብላታለች። ሐኪሙ በየቀኑ ተራመጂ ሲላት አክስቷ ደረጃ እንኳ አትውጪ ትላታለች። የኔን ምክር ልትሰማ አንገቷን ወደኔ ስታዘነብል ምንም አላልኳትም። እርጉዝ ሴት ምክር አጥታ አታውቅም፤ የምታጣው ጆሮዋን የምታሳርፍበት ቦታ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሽታው ቤቱ ውስጥ ቀረና እኔን ይዞ መተማ ወረደ።

ጊዜው ጠላት የገባበት ዘመን ነው። ከገባ ሁለተኛው ክረምት ይሁን ሦስተኛው እንጃ፤ ዓመተ ምሕረቱን ቄስና ጸሐፊ ይቁጠሩት፣ እኔ የማስታውሰው የአቡጀዲን ዋጋ ነው። አንድ ጠገራ ብር ይዤ ገበያ ብወጣ ለቀሚስ የሚበቃ አቡጀዲ፣ አንድ ጠርሙስ ላምባና በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ የሱዳን ስኳር ይዤ እመለሳለሁ። የጣሊያኑን የወረቀት ገንዘብ ግን እኛ ሴቶቹ አንወደውም ነበር፤ መተማ ላይ ምስጥ የማይበላው ነገር የለምና፣ ተበልቶ ቢያድር ማንን እንጠይቃለን እንል ነበር። ከድንበሩ ወንዝ ማዶ እንግሊዝ፣ ከወዲህ ጣሊያን፣ መሀል ላይ የኛ ፍየሎች፤ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ይለፍ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ገበያው ጫፍ ላይ፣ ፍሬው ተበጥብጦ ከሚጠጣው ከትልቁ የሁመር ዛፍ ሥር፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ግመል ነጂዎቹ ጥላው ሥር ጋደም ብለው በዐረብኛ ሲያንጎራጉሩ እሱም ቃሉን ሳያውቀው አብሯቸው ያዜም ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ የሰሊጥ መጋዘን ቆሟል አሉ፣ መኪና ተሰልፎ የሚጭንበት። ዛፉ ይኑር አይኑር የነገረኝ የለም።

ሙሽራ ሆኜ ወደ መተማ ስወርድ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ከጭልጋ በላይ ደጋ ላይ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ማለዳ ውርጩ ሣሩን የሚያነጣበት አገር። አባቴ አንድ መስከረም በቅሎ ሊሸጥ መተማ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ በሳምንቱ ቀበርነው። ንዳድ የምንለው ዛሬ ወባ የሚሉትን ነው። እናቴ አንጓች ከዚያ ቀን ጀምሮ የቆላ ስም ሲነሣ ታማትባለች። "ደገኛ በክረምት ቆላ ከወረደ መመለሻ የለውም" ትል ነበር። እኔን ለታከለ የዳሩኝ አጎቶቼ ናቸው። የታከለ አያቶች ከደጋ ወርደው መተማ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ከአፉ ቃል የሚቆጥብ ጎበዝ ነበር። እናቴ እምቢ ብላ ብላ ሲያቅታት ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር አስማለቻቸው፤ የመጀመሪያ ልጄ እሷ ቤት እንዲወለድ። ደንቡም እንደዚያ ነው፤ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደውም የምትታረሰውም በእናቷ ቤት ነው። ሁሉም "እሽ" አሉ። እሽ ማለት ምን ይከብዳል፣ ሆዱ ገና አልመጣ።

ሆዱ ሲመጣ ነገሩ ተገለባበጠ። አማቴን እሜቴ እላቸው ነበር፤ ስማቸው ደብሪቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሳቸው ከእግራቸው ቀድሞ የሚደርስ ሴት ነበሩ። ከወለዷቸው ስድስት ልጆች የተረፈላቸው ታከለ ብቻ ነው፤ ይኸን ግን ከሰው ሰማሁት እንጂ ከሳቸው አፍ አንድ ቀን አልወጣም። አምስተኛ ወሬን ስይዝ ታከለ ወደ እናቴ የምወጣበትን ነገር ገና ሲያነሣ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

"በምን እግሯ?" አሉት። "አራት ቀን በአህያ? መንገዱ ላይ ዛሬ አርበኛ አለ፣ ነገ ጣሊያን አለ። የጓንግ ወንዝ ሲሞላስ ተሸክመህ ታሻግራታለህ?"

"ሳይሞላ ትውጣ ብዬ ነው።"

"እህቴም ሳይሞላ ብላ ነው የወጣች። ወንዝ ዳር ወለደች፤ እሷንም ልጇንም እዚያው አፈር አለበስናቸው።"

ታከለ እኔን አየ፣ እናቱን አየ። "እንግዲህ እናንተ እንዳላችሁ" አለና ሞፈሩን አንሥቶ ወጣ። ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ከቤት ክርክር የሚሸሸው ወደ እርሻው ነው፤ ክርክር በበዛበት ዓመት ሰሊጣችን ያምር ነበር።

ሦስተኛዋ መካሪ ጎረቤታችን ዘይነብ ነበረች። ባሏ ስኳርና ጨርቅ ይነግዳል። ከእኔ ዐሥር ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመውን የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ ሰማያዊ ቶብ ለብሳ ስትመጣ ድልካዋ ቀድሟት ይገባል። ወገቤን በሰሊጥ ዘይት ታሸኝ ነበር። ተምር ብዪ ትላለች፤ እሜቴ ደግሞ ጣፋጭ ልጁን ያወፍረዋል፣ ያስጨንቅሻል ይላሉ። ሁለቱንም እንዳላስቀይም ተምሩን ጓሮ ዞሬ እበላ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ይጣፍጣል።

"ከማዶ ከገላባት ዳያ አስመጣልሻለሁ፣ ወላሂ እጇ እንደ ሐር ነው" አለችኝ አንድ ቀን። ዳያ የሚሏት አዋላጅ ናት።

እሜቴ ሰምተው ኖሮ ከጓዳ ጮኹ፦ "ማርያም ቅረቢ የማትል ሴት፣ ልጄን ልታዋልድ?"

ዘይነብ ሳቀች። "እሜቴ፣ እኛም መርየምን እናውቃታለን እኮ" አለቻቸው። እሜቴ የጓዳውን መጋረጃ ስበው ዘጉት።

እኔስ? እኔ እናቴን እፈልግ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷ ቤት ማንም ሳይሰማኝ ማልቀስ እችላለሁ። ሰኔ ሲገባ ስንቄን መቋጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ውኃ ቀድቼ ስመለስ ደም አየሁ። ብዙ አይደለም፤ እኔን ለማስፈራት ግን በቃ። ሦስት ቀን ተኛሁ፤ ዘይነብ እግሬን ከፍ አድርጋ ታስተኛኛለች፣ እሜቴ በስለት ማርያምን ይለምናሉ። በአራተኛው ቀን "አልሄድም፣ እዚሁ እወልዳለሁ" አልኩ። እሜቴ ናቸው ያስቀሯት የሚሉ ዘመዶች ዛሬም አሉኝ። ሐሰት ነው። ማንም አላስቀረኝም፤ ለልጄ ፈርቼ ቀረሁ።

ለእናቴ በአንድ የጨው ነጋዴ አፍ ላክሁባት። ሰውየው ሲመለስ ቃሏን ሳያጓድል ሊያደርስ ብሎ ድምፁን እንደሷ አቀጠነ፣ እጁንም ወገቡ ላይ አደረገ። "'የአባትሽን ገዳይ አገር መረጥሽ። እንግዲህ እኔም ልጅ የለኝም፣ አንችም እናት የለሽም' በላት ብለዋል" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አለቀስኩ፤ አልቅሼ ሳበቃ ደግሞ ተናደድኩ። በመናደድ እሷን ነው የመሰልኩት፤ ቶሎ ይነድደናል፣ ቶሎ አይበርድልንም።

በዚያ ክረምት የልጅ ልብስ አልሰፋንም። ያልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰፋለትም፣ ዓይን ይስባል፤ በዚህ እንኳ ሁሉም ይስማማል። ዛሬ የልጅ ልጄ ገና ሳትወልድ ቁም ሣጥን ሙሉ ካልሲ ሰብስባለች። አንድ ቀን ግን ለእሜቴ ሰሊጥ ላወጣላቸው ጆንያው ውስጥ እጄን ስሰድ ለስላሳ ነገር ነካሁ፤ አራት ክንድ ነጭ አቡጀዲ። የደበቀው ያ ዝምተኛ ባሌ ነው። መልሼ ቀበርኩት፣ ለማንም አልተናገርኩም። ለገንፎው ያዘጋጀነው ደግሞ ማሽላ ነበር። ገብስ ከደጋ ነው የሚመጣ፣ ደጋ ደግሞ ተጣልቶኛል። "ቆላ የወለደች ሁሉ በማሽላ ነው የታረሰች፣ አንችም አትሞችም" አሉኝ እሜቴ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ አባርቷል፤ የመተማ ጥቁር አፈር እግር ይዞ አለቅም የሚልበት ጊዜ። በሩ ላይ ቆሜ አንዲት ሴት አህያ እየጎተተች ስትመጣ አየሁ። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ጭነቱን ግን በቁርበት አልብሳ ጠብታ አላስነካችውም። እስክትቀርብ አላወቅኋትም፤ እናቴን መተማ ላይ ማን ይጠብቃል።

"እናት የለሽም ብለሽኝ አልነበር?" አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"የለሽም" አለች። "ገብሱን ላደርስ ነው የመጣሁ።"

ከዚያ ሆዴን አየችው። ጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዳበሰችውና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ እሜቴ መጥተው "ነፍሰ ጡር በር ላይ አቁሞ ማስለቀስ የየት አገር ደንብ ነው?" ብለው ሁለታችንንም ቀጡን። ጓንግን እንዴት እንደተሻገረች ብጠይቃት "በእግሬ" ብቻ ነው ያለችኝ። የገብስ ዱቄት፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ ለጋ ማርና በርበሬ ይዛ አራት ቀን መጥታለች። ያ የንዳድ ፍርሃቷ የት እንደደረሰ አልጠየቅኋትም፤ እኔ የፈለግሁት መጥታልኛለችና።

ያ ጎጆ ሁለት እናት የሚችል አልነበረም። እናቴ ገብስ ትላለች፣ እሜቴ ማሽላ ይላሉ። እናቴ ብርድ እንዳይመታት በሩን ዝጉ ስትል እሜቴ "እዚህ ምን ብርድ አለና፣ ትታፈናለች እንጂ" ብለው ይከፍታሉ። ተከባብረው ነው ታዲያ የሚጣሉት፤ አንዳቸውም አንቱታውን አያጓድሉም። "እርስዎ ያሳደጉበት አገር ሌላ ነው" ይላሉ እሜቴ። "እርስዎም ያሳደጉትን አይተናል፣ አፉን ከፍቶ አይናገር" ትላለች እናቴ። በአንድ ነገር ብቻ ይገጥማሉ፤ እኔ ስናገር ሁለቱም "አንች ዝም በይ" ይሉኛል። እናቴ ከዘይነብ እጅ ውኃ እንኳ አትቀበልም፤ የእስላም ዕቃ ብላ። ዘይነብ አልተቀየመችም። "መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ የደጋ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሞቅ" ትላለች።

መስከረም በገባ በሳምንቱ፣ በጠራራ ቀትር፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ምጡ ከዋዜማው ጠዋት ነው የጀመረኝ። ከገላባት ልትመጣ የነበረችው ዳያ የድንበሩ ወንዝ ሞልቶ ቀረች፤ ዘይነብ ራሷ የሰሊጥ ዘይቷን ይዛ ገባች፣ እናቴም ጉልበቴን እንደያዘች አሳለፈቻት። ከኋላ ያቀፉኝ እሜቴ ናቸው፤ ማርያም ማርያም ሲሉ ትንፋሻቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ልጄ ስታለቅስ እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። እሜቴ ይቆጥሩ ኖሮ "ኧረ ሰባት ሞላ፣ ለሴት ሦስት ነው" አሉ። "ለልጄ ልጅ ልክ የሚያወጣልኝ ማነው?" አለችና ስምንተኛውን ጨመረች። እሜቴ ሳቁ። እኔ ከነድካሜ ይኸን ቀን የመሰለ ቀን ዳግም አይመጣም ብዬ አስቤ ነበር፤ አልመጣምም።

ዐሥር ቀን በደስታ ታረስኩ። በገብሱም በማሽላውም ገንፎ ነው የታረስኩት፤ እርቅ አውርደው አንድ ቀን በአንዱ፣ አንድ ቀን በሌላው አደረጉት። በዐሥራ አንደኛው ቀን እናቴ ልጄን ታቅፋ ሳለች "ክርስትናዋ ሲወጣ ይዣት እወጣለሁ፤ ይኸ አገር ልጅ አያሳድግም" አለች። እሜቴ አንገታቸውን ደፉ። የቀበሯቸውን አምስቱን አሰብኩና ደሜ ፈላ።

"ልጄን ለማንም አልሰጥም። ደጋሽ ከናፈቀሽ አንች ሂጂ!" አልኳት።

እናቴ ልጄን ከጎኔ አስተኛች፣ ጋቢዋን አምጥታ በዚያ ሁሉ ሙቀት ተከናነበች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታኩርፍ፣ ታልቅስ፣ ነገ ይለቃታል ብዬ እኔም ጀርባዬን ሰጠኋት። በማግስቱ ስነቃ መደቡ ባዶ ነበር።

"ወደ ጭልጋ የሚወጣ ነጋዴ አግኝተው ማለዳ ሄዱ" አሉኝ እሜቴ፣ ገንፎውን እያማሰሉ። "ተቆጥተዋል።"

አመንኩ። ለምን አላምን፤ እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት፣ እሷም የምትሄድ ሴት ናት። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ግን ንዴቱ መጣና ተደላድሎ ተቀመጠ። ልትጠይቀኝ ለመጣች ሴት ሁሉ አወራሁ፤ የዐሥራ ሁለት ቀን አራስ ጥላ የሄደች እናት፣ ልጇን ሳትሰናበት፣ የልጅ ልጇን ሳትስም። ሴቶቹ ወሬ ወዳድ ናቸው፣ ይኸን ሲሰሙ ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቶሎ ይነሡ ነበር። ዘይነብ ስትመጣ ዓይኗን ከልጄ ላይ አታነሣም። እሜቴ ደግሞ ጭራሽ ተገላበጡ፤ ያ ሁሉ ነገር ቀርቶ ጠበቃ ሆኑላት። "እናትሽን አትሚ፣ ደግ ሴት ናቸው" ይላሉ። ከመቼ ወዲህ ተዋደዱ እያልኩ እናደድ ነበር። ሰሊጡ ታጨደ፣ ኅዳር ገባ፣ የኔ ንዴት ግን አልበረደም። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ አጠባሁ፤ ሳትኖር እንኳ እንደምታረስ ላሳያት ፈልጌ እየወፈርኩ ሄድኩ።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እሜቴ፣ ታከለ፣ ዘይነብና ቄሱ አንድ ላይ ገቡ። እሜቴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሰው በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ዐወቅሁ።

የእናቴ ትከሻ የተንቀጠቀጠው በንዳድ ነበር። ንጋት ላይ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ፣ ሕመሙ አራስ ቤት እንዳይውል ብላ ራሷ ተነሥታ፣ ታከለ ደግፏት ወጣች። ያስተኟት ዘይነብ ቤት፣ ከባሏ ሱቅ ኋላ ነው። አራት ቀን ዘይነብ በሁመር ውኃ አፏን ስታርስላት ቆየች፤ ያንን ውኃ እናቴ ተቀበለቻት። ታከለ ከጣሊያኖቹ ወታደር ለምኖ ጥቂት የንዳድ ኪኒን አምጥቶላት ነበር፣ አልደረሰላትም። ሴቶቹ ድምፃቸውን በነጠላ አፍነው ቀበሯት። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ደንብ ነው፣ ሐዘን ወተት ያደርቃል። እኔ አልሄድም ባልል አትወርድም ነበር፤ ይኸን ማንም አላለኝም፣ ለራሴ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም እለዋለሁ።

"ታዲያ ታማለች ብላችሁ ብትዋሹኝ ምን ነበር?" ብዬ በእሜቴ ላይ ጮኽሁ። "ጥላኝ ሄደች ብዬ ስሰድባት ስትሰሙ!"

እሜቴ እጄን ያዙ። "እኔም እንዳልሽው ልል ነበር" አሉኝ። "እናትሽ ናቸው እምቢ ያሉ። 'ታማለች ካላችኋት ታለቅሳለች። ተቆጥታ ሄደች በሏት፤ እሷም ትቆጣኛለች። ቁጣ ወተት አያደርቅም' አሉን።"

ልጄ በእነዚያ ወራት አንድ ቀን እንኳ ሳትጠግብ አላደረችም። እናቴ በሕይወቷ ከመከረችኝ ሁሉ ከልቤ የተቀበልኩት ይኸን አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳላውቅ።